58 ነጥቦች፦ የሥነ ፈለክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የክበባት ዘገባ ብዙውን ጊዜ በዓመቱ የተካሄዱትን ዝግጅቶች በመደርደር ይጻፋል። የሥነ ፈለክ ክበባችን ግን ዘንድሮ የሠራው አንድ ሥራ ብቻ ስለሆነ የምደረድረው ብዙ ነገር የለኝም። ሥራው የፀሐይን ጥላ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በአንድ ነጭ ሰሌዳ ላይ በነጥብ ማስፈር ነበር። ከመስከረም ሁለተኛ ሳምንት እስከ ሰኔ ሦስተኛ ሳምንት ባሉት 40 ሳምንታት 80 ነጥቦች ይሰፍራሉ ብለን አቅደን 58 አስፍረናል። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ ሰፈሩት ብቻ ሳይሆን፣ እንዲያውም ይበልጡን፣ ሳይሰፍሩ ስለቀሩት 22 ነው።

በምዝገባው ቀን 43 ተማሪዎች ስማቸውን አስመዘገቡ። አብዛኞቹ ወደ ጠረጴዛችን የመጡት ምን ፈልገው እንደሆነ የገባኝ ግን በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ «መምህር፣ ቴሌስኮፑ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከየአቅጣጫው በተነሣ ጊዜ ነው። ቴሌስኮፕ እንደሌለን፣ ያለን አንድ የብረት ዘንግና አንድ ሰሌዳ መሆኑን ስነግራቸው ከኋላ ወንበር የተሰማው ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። በሁለተኛው ወር መጨረሻ 17 ብቻ ተረፉ፤ ዓመቱን የጨረሱት 12 ናቸው። በአንድ ቀን ለሦስትና ለአራት ክበብ የሚመዘገቡ ተማሪዎች ስላሉ የመጀመሪያውን ቁጥር የአባልነት ቁጥር ብዬ አልወስደውም። የሄዱትም አላስቀየሙኝም፤ ሥነ ጽሑፍ ክበብና ሚኒ ሚዲያ ሄደው ጥሩ ሥራ ሠርተዋል።

ሰሌዳውን የተከልነው በቤተ መጻሕፍቱ ሰገነት ላይ ነው። 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን ዘንግ ቀጥ አድርገን ካቆምን በኋላ የጥላውን ጫፍ በእርሳስ ለመንካት ስንሞክር ግን ጫፉ የት እንደሚያልቅ መለየት አቃተን። ሦስት ተማሪዎች ሦስት ቦታ አመለከቱ፤ ሁሉም ትክክል ነበሩ ማለት ይቻላል። ፀሐይ ከምድር ስትታይ የግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት ስላላት የጥላ ጠርዝ ድንገት አይቆረጥም፤ ጥቁሩ ወደ ግራጫ፣ ግራጫው ወደ ብርሃን እየሳሳ ይሄዳል። በእኛ ዘንግ ቁመት ይህ የሚደበዝዘው ክፍል ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መፍትሔውን ያገኘችው አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ቆርቆሮ በክብ ቆርጣ፣ መካከሉን በምስማር በስታ፣ ከዘንጉ ጫፍ ላይ አሰረችው። ከዚያ በኋላ በሰሌዳው ላይ የምንፈልገው የጥላ ጫፍ መሆኑ ቀርቶ በቆርቆሮው ጥላ መካከል የምታርፍ ትንሽ የብርሃን ጠብታ ሆነ። ልጅቷ ሳታውቀው የተከተለችው የቆየ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1655 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ጆቫኒ ካሲኒ በጣሊያን ቦሎኛ፣ በሳን ፔትሮኒዮ ቤተ ክርስቲያን፣ ከወለሉ 27 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በተበጀ ቀዳዳ የሚገባውን የፀሐይ ምስል ወለሉ ላይ በተሠመረ መስመር ይከታተል ነበር። ይህን ስነግራት «እንግዲያው የእኛ ዘንግ በጣም አጭር ነው» ብላ አዘነች።

ጠብታዋ ዝም ብላ አትቀመጥም። ከቀኑ 6 ሰዓት ከ30 ሊሆን ሲል ተረኛው ተንበርክኮ፣ እርሳሱን ወደ ሰሌዳው አስጠግቶ ይጠብቃል፤ ሰዓት የያዘው «አሁን!» ሲል ነጥቡን ያሰፍራል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጠብታዋ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ስለምትሄድ እርሳስ እየቀረጹ ማሰብ አይቻልም። ሥራው በሙሉ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ከዚያ ቀን፣ ሰዓትና የተረኛው ስም በመዝገቡ ላይ ይጻፋል።

ሰዓቱ ካልተለወጠ ነጥቦቹ ለምን አንድ ቀጥተኛ መስመር አይሠሩም? የዓመቱ ጥያቄያችን ይኸው ነበር። የምድር ዘንግ 23.4 ዲግሪ ያህል ስላዘነበለ ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ትመላለሳለች፤ የነጥቦቹ ረድፍ ርዝመት የሚመጣው ከዚህ ነው። ወደ ጎን መውጣታቸው ግን ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ያው ማዘንበሉ ነው። ሁለተኛው ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድ ሞላላ በመሆኑ ፍጥነቷ የሚለዋወጥ መሆኑ ነው፤ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ቀርባ ስትፈጥን፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትዘገያለች። የሁለቱ ድምር ፀሐይን በጥቅምት መጨረሻ ከእኩል ከሚሄደው ሰዓታችን 16 ደቂቃ ገደማ ያስቀድማታል፣ በየካቲት መጀመሪያ ደግሞ 14 ደቂቃ ገደማ ያስቀራታል። በዚህም ነጥቦቹ አንዱ ክብ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ የሆነ የ8 ቁጥር ቅርጽ ይሠራሉ። በሰሌዳችን ላይ የጥቅምት መጨረሻውና የየካቲት መጀመሪያው ነጥቦች ትይዩ ሆነው በመካከላቸው ከ6 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ክፍተት ሲታይ፣ እስከዚያ ድረስ «ነጥብ ብቻ ነው የምናበዛው» ይሉ የነበሩ ሁለት አባላት ዝም አሉ።

አሁን ወደ 22ቱ ልመለስ። ነጥብ ሳይሰፍር በቀረ ቁጥር ምክንያቱ በመዝገቡ እንዲጻፍ ወስነን ነበር፤ እስከ መጋቢት ድረስም የተጻፈው ምክንያት ሁሉ «ደመና» የሚል ነበር። እኔም ተጠሪ መምህር ሆኜ በየወሩ ስፈርም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠረጠርሁም፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። የተጠራጠረችው ጸሐፊያችን ናት። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የክፍሎች እግር ኳስ ፍጻሜ ፎቶግራፍ ተለጥፎ ነበር፤ ጨዋታው የተካሄደው በምሳ ዕረፍት፣ በመዝገባችን «ደመና» ተብሎ በተጻፈበት ቀን ነው። በፎቶግራፉ ላይ ከእያንዳንዱ ተጫዋች እግር ሥር ደማቅ ጥላ ወድቋል። ከተጫዋቾቹ አንዱም የዕለቱ ተረኛችን ነበር።

ጸሐፊዋ ነገሩን በስብሰባ ላይ አላነሣችውም፤ ለልጁ ለብቻው አሳየችው። በማግስቱ ወደ መምህራን ክፍል መጥቶ፣ በሩ ላይ እንደቆመ፣ «መምህር፣ ደመና አልነበረም፤ እኔ ነኝ ያልመጣሁት። አሁን ምን ብዬ ላርመው?» አለኝ። እውነቱን እንዲጽፍ ነገርሁት፤ የቀድሞውን ቃል ሳይፍቅ በአንድ መስመር ሰርዞ ከጎኑ «ተረኛው አልመጣም» ብሎ ጻፈና ፈረመ። በሚቀጥለው ስብሰባ መዝገቡ ማንም ሳይጠየቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሲመለስልን ከ22ቱ 13 ደመና፣ 9 ደግሞ «ተረኛው አልመጣም» ሆነው ነበር። ከ9ኙ ሁለቱ በሴሚስተሩ ዕረፍት፣ ሦስቱ በፈተና ሳምንታት የወደቁ ናቸው። ለቀሪው ሁለተኛ ሴሚስተር የተራ ዝርዝሩን የለወጥነውም ከዚህ በኋላ ነው፤ በየቀኑ አንድ ተረኛና አንድ ተጠባባቂ መደብን፣ ፈተና ላለበት ክፍል ተራ አልሰጠንም። ከዚያ ወዲህ ሰው በማጣት የቀረ ነጥብ የለም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ክበባት በየሴሚስተሩ የምንሞላው ቅጽ የሚጠይቀው «የተከናወኑ ዝግጅቶች ብዛት» ነው። በዚያ ቅጽ ላይ የእኛ ክበብ 1 ብሎ ሞልቶ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ተመድቧል። ቅሬታ አቀርባለሁ ማለቴ ባይሆንም፣ ማንም ሳያጨበጭብ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሰገነት መውጣት በየትኛው ሣጥን እንደሚጻፍ ቅጹን ያዘጋጁት ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

በግንቦት አንድ የ12ኛ ክፍል አባል የባዶዎቹን ቀናት ቦታ በቀመር አስልቶ ማምጣት እንደሚችል ገለጸና ሰሌዳው ለወላጆች ቀን ሙሉ ሆኖ እንዲቀርብ ሐሳብ አቀረበ። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ እኔም አረጋግጬዋለሁ። ክርክሩ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። አንዱ ወገን ጎብኚ የሚመጣው 8 ቁጥር ለማየት እንጂ ክፍተት ለመቁጠር አይደለም አለ። ሌላው ወገን በሰሌዳው ላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ «አንድ ሰው በዚህ ቀን እዚህ ነበረ» ማለት ስለሆነ በስሌት የመጣው ነጥብ ከእነሱ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ሊቀባ አይገባም ብሎ ተከራከረ። በድምፅ ብልጫ፣ 7 ለ5፣ ሰሌዳው እንዳለ እንዲቀርብና የተሰላው መስመር በስስ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት ላይ ለብቻው ተሠርቶ እንዲደረብበት ተወሰነ። እኔ ድምፅ አልሰጠሁም፤ ብሰጥ ኖሮ ከሰባቱ ጋር ነበርሁ።

ወረቀቱን ስንደርብ ያልጠበቅነው ነገር ታየ። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ያሉት ነጥቦች ከተሰላው መስመር ጋር ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ቢለያዩ ነው፤ ልዩነታቸውም አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ስለሆነ የእርሳስና የእጅ ስሕተት መሆኑ ግልጽ ነው። የመጀመሪያዎቹ 8 ነጥቦች ግን ሁሉም ወደ ምሥራቅ፣ ሁሉም በእኩል መጠን ተገፍተዋል። መዝገቡን ስንመረምር በእነዚያ ሳምንታት ሰዓት የምናየው ከቤተ መጻሕፍቱ የግድግዳ ሰዓት እንደነበረ አገኘን፤ ባትሪው አልቆ ከቆመ በኋላ ነው ወደ ስልክ የተዛወርነው። ፀሐይ በ4 ደቂቃ አንድ ዲግሪ ስለምትሄድ ከግፊቱ መጠን ወደ ኋላ ስናሰላ ያ ሰዓት 4 ደቂቃ ገደማ ይዘገይ ነበር ማለት ነው። የቆመን ሰዓት ስሕተት ከሰባት ወራት በኋላ በጥላ ማወቃችን ተማሪዎቹን ከ8 ቁጥሩ የበለጠ አስደሰታቸው። ነጥቦቹን አላዛወርናቸውም፤ በቀይ ከበብናቸው። በወላጆች ቀንም ብዙ ሰው ጣቱን የቀሰረው በእነዚህ ላይ ነበር።

ስለ ቀረው አጭር ነው። ክበቡ ያወጣው ገንዘብ ለቀለም፣ ለቆርቆሮና ለወረቀት ብቻ ሲሆን ደረሰኙ ለሒሳብ ክፍል ገቢ ተደርጓል። የሚቀጥለው ዓመት ሥራ አመራር ተመርጧል፤ ጸሐፊዋ ሰብሳቢ ሆናለች።

ሰሌዳው ገና አላለቀም። ትልቁ ክብ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል፤ ከትንሹ ክብ ግን የሐምሌና የነሐሴ ጎን ባዶ ነው፤ እሱም ሙሉ በሙሉ በረጅሙ ዕረፍት ውስጥ ይወድቃል። በትምህርት ቤቱ አቅራቢያ የሚኖሩ አራት ተማሪዎች የሰገነቱን ቁልፍ ከጥበቃ ክፍል እየወሰዱ ተራ ለመግባት ፈርመዋል፤ ኳስ ተጫዋቹ ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት ወስዷል። ዝርዝሩ በሰገነቱ በር ላይ ተለጥፏል። በግርጌው አዲሷ ሰብሳቢ በቀይ እስክሪብቶ «ሰዓት ከስልክ እንጂ ከግድግዳ አይወሰድም» ብላ ጽፋበታለች።