የባዮሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከምስር እስከ ጽንስ

ባለፈው ክረምት የተተከሉትን ችግኞች መንከባከብና ስለ ደም ዓይነት ማስተማር፤ በመስከረም የጻፍነው ዕቅድ ይህ ብቻ ነበር። ችግኞቹ ከጥቂቶቹ በቀር ጸድቀዋል፤ በበጋው ውኃ ሲያመላልሱ የከረሙትን የ9ኛ ክፍል አባላት እግዚአብሔር ይስጥልን። ዓመቱን የያዘው ግን ሁለተኛው ሥራ ነው።

«ኤ» የደም ዓይነት ከ«ቢ» የሚለየው በቀይ የደም ሕዋስ ገጽ ላይ ባለው የስኳር ሰንሰለት ጫፍ በምትገኝ አንዲት ስኳር ነው። ይህን እንዳስረዳሁ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ስኳሩ ሌላው ሕዋስ ላይ የለም? በእናታችን ማህፀን ሳለንስ ነበረን?» ከዚያ ቀን ወዲህ ክበቡ የተሰበሰበው በእርሷ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

መልሱ አዎ ነው። የሰውነታችን ሕዋሳት ከፕሮቲንና ከቅባት ጋር በተያያዙ የስኳር ሰንሰለቶች የተሸፈኑ ናቸው። ጽንስ ከአንድ ሕዋስ ተነሥቶ ሲያድግ እያንዳንዱ ሕዋስ ከማን ጋር እንደሚጣበቅ፣ ከማን እንደሚላቀቅ፣ ወዴት እንደሚጓዝ መለየት አለበት። ሕዋስ ዓይን የለውም፤ ጎረቤቱን የሚያውቀው ገጽ ለገጽ በመነካካት ነው።

ጽንስን በቤተ ሙከራችን ማየት አንችልም። ስኳርን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ግን በየጓዳችን አለ። ጥሬ ምስር ውስጥ ያለው ሌክቲን ማኖዝና ግሉኮስ የተባሉትን ስኳሮች ይይዛል፤ የእርሾ ሕዋስ ገጽ ደግሞ በማኖዝ የተሞላ ነው። አባላቱ ምስር ወቅጠው በጨው ውኃ ዘፈዘፉ፤ በማግስቱ በስስ ጨርቅ አጠለሉት። ከዚያም አንድ ጠብታ የእርሾ ውኃና አንድ ጠብታ የምስር ውኃ በስላይድ ላይ አደባለቁ። እንደ ዱቄት ተበትነው የነበሩት ሕዋሳት ሁለት ሁለት፣ አምስት አምስት እየሆኑ ተያያዙ፤ ጥቂት ቆይቶ የወይን ዘለላ መሰሉ። የግሉኮስ ዱቄት አብዝተን ስንጨምር ዘለላው ላላ፤ ሌክቲኑ በግሉኮሱ ተይዟልና። የተቀቀለ ምስር ውኃ ግን ምንም አላያያዘም፤ ሙቀት ፕሮቲኑን ያበላሸዋል። የሚሠራው ማይክሮስኮፕ አንድ ብቻ ስለሆነ 23 ተማሪዎች ተሰልፈው ነው ያዩት፤ አይተው የጨረሱት እንደገና ከሰልፉ ኋላ ሲቆሙ ሳይ ልቤ በደስታ ተሞላ።

በጉሎ ፍሬ እንሞክር ያሉም ነበሩ። በ1888 እ.ኤ.አ. ስለ ሌክቲን የተጻፈው የመጀመሪያው ጥናት በጉሎ ላይ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ሪሲን ገዳይ መርዝ ስለሆነ በፍጹም ከለከልኩ። ወላጆችም ይህን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ።

ማጥለያው ጨርቅ የአሜሪካዊውን ተመራማሪ የሄንሪ ዊልሰንን ሥራ አስታወሰኝ። በ1907 እ.ኤ.አ. ስፖንጅ የሚባለውን የባሕር እንስሳ በሕይወት ሳለ በጨርቅ ጨምቆ ሕዋሳቱን በተናቸው፤ የተበተኑትም እየተሳቡ ተሰባስበው ዳግም ስፖንጅ ሆኑ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የሚያያይዛቸው ትልቅ ሞለኪዩል በስኳር የበለጸገ መሆኑን አገኙ።

አባላቱን ይበልጥ ያከራከረው የአይጥ ጽንስ ነው። ስምንት ሕዋስ ላይ ሲደርስ ላልተው የነበሩት ሕዋሳት ተጠጋግተው ድንበራቸው እስኪጠፋ ይጣበቃሉ። ሉዊስ ኤክስ የሚባል ባለሦስት ስኳር ሰንሰለትም በዚያው ጊዜ በገጻቸው ላይ ይታያል። በ1984 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ይህንኑ ስኳር በብዛት የያዘ ሞለኪዩል ሲጨምሩባቸው የተጣበቁት ሕዋሳት ተላቀቁ፤ የእኛ እርሾ በግሉኮስ እንደላላው። በጥር ወር ይህን ሳስተምር ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳነብ ግን ሉዊስ ኤክስን የሚሠራው ጂን የጠፋባቸው አይጦች ጤነኛ ሆነው እንደሚወለዱ ተረዳሁ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ያስተማርኩትን አረምኩ። ሕዋሳቱን በዋናነት የሚያጣብቀው ኢ-ካድሄሪን የተባለ ፕሮቲን ነው። በአንጻሩ ብዙ የስኳር ሰንሰለቶችን ለማሟላት የሚያስፈልግ አንድ ኢንዛይም የሌላቸው የአይጥ ጽንሶች በእርግዝናው አጋማሽ፣ በ10ኛው ቀን ገደማ ይሞታሉ።

ያችው ተማሪ ይህን ሰምታ ዝም ብላ ቆየች። «አንዱ ስኳር ሲጠፋ ጽንሱ ይኖራል፤ ብዙው ሲጠፋ ይሞታል። ታዲያ አንዱ ሌላውን ይተካል ማለት ነው?» አለች። በመስከረም 12ኛ ክፍል ትገባለች፤ ጥያቄዋን በክበቡ መዝገብ የመጨረሻ ገጽ ላይ በራሷ እጅ ጽፋዋለች። ለመጀመሪያው ስብሰባ የሚዘፈዘፈው አተርና ባቄላ ከአሁኑ ተገዝቶ በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ተቀምጧል።