ስለ ዛገው ድስትህ

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከረምክ? ቤተሰቡስ ሁሉ ደህና ነው? ድምፄን አጥፍቼ ይህን ያህል መቆየቴ አግባብ አልነበረም፤ ይቅር በለኝ። አንተ ቀድመህ ስለጻፍክልኝ ደግሞ እግዜር ይስጥልኝ። የሆድ የሆዱን በሰፊው እናወጋዋለን፤ አሁን የጠየቅኸኝን ልመልስ፤ ብዘገይ ዕቃዎቹን ትጥላቸዋለህ ብዬ ሰግቻለሁ።

ባለ ሦስት እግሩ የካምፕ ድስትና መጥበሻው ዝገው አገኘኋቸው፣ ልጣላቸው ወይ ነው ያልከኝ። እባክህ አትጣላቸው። ካስት አይረንን፣ የጋራዥ ሰዎች ጊዛ የሚሉትን ብረት፣ ዝገት በቀላሉ አይገድለውም። ዝገቱ ላዩን ይበላዋል እንጂ ግድግዳውን ዘልቆ ለመብሳት ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ዕቃውን የሚያጠፋው የሰው ችኮላ ነው። በዚህ ብረት ውስጥ ከ2 እስከ 4 በመቶ ካርቦን አለ፤ ስለዚህ ጠንካራ ቢሆንም መታጠፍ አይችልም፣ ይሰነጠቃል። ከፍም ላይ የወረደ ድስት ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ቢደፋበት አንዱ ወገን ሲኮማተር ሌላው እንደሰፋ ይቀራል፣ ከዚያ ቀጭ ይላል። እርሱን የሚመልሰው ነገር የለም።

ስለዚህ ከመፈግፈግህ በፊት ስንጥቅ እንደሌለበት አረጋግጥ። ድስቱን በማንጠልጠያው አንሣና ጎኑን በእንጨት ማንኪያ ቀስ ብለህ ምታው። እንደ ደወል ጥርት ብሎ ከጮኸና ድምፁ ትንሽ ከቆየ ደህና ነው። ድፍን ያለ፣ ቶሎ የሚሞት ድምፅ ከሰጠህ ጠርዙንና የእግሮቹን ሥር በብርሃን ፈትሽ፤ ስንጥቅ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ሊታይ ይችላል። ስንጥቅ ካገኘህ ለማብሰያነት አትመነው፤ ጊዛ ለመበየድም አስቸጋሪ ነው። መጥበሻውን ደግሞ በመስታወት ወይም በጣም ለጥ ባለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ጠርዙን ተጫን። ጥቂት ቢወዛወዝ ለፍም ግድ የለውም፤ ለጥ ባለ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ግን ያስቸግራል።

አንድ ነገር አደራ። ዕቃው ከአንተ በፊት በማን እጅ እንደነበር የማታውቅ ከሆነ የእርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) መመርመሪያ ገዝተህ ሞክረው። አሮጌ የብረት ድስቶችን ለጥይትና ለዓሣ ማጥመጃ ክብደት እርሳስ ያቀለጡባቸው ሰዎች ነበሩ። እርሳስ ከተገኘበት ለምግብ አይሆንም፤ ቤት ውስጥ ታጥቦ የሚወጣ ነገርም አይደለም።

አሁን ወደ ጽዳቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለህ አንብበው። አሮጌ ድስት ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ዓመታት ያነባበሩት ጥቁር የቅባትና የጥላሸት ቅርፊት ነው፤ ሁለተኛው ዝገት ነው። ቅርፊቱን የሚፈታው ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ዝገትን አይነካም። ዝገትን የሚያሟሟው አቼቶ ነው፤ ቅርፊቱን አይነካም። ይህን ያልለየ ሰው በቅባት የተሸፈነ ድስት አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፎ ሁለት ቀን ይጠብቃል፤ ቅርፊቱ እንዳለ ይቀራል፣ የተራቆተው ብረት ግን ይበላል።

እንደነገርከኝ ከሆነ ያንተ መጥበሻ ላይ ያለው ቀለል ያለ ብርቱካናማ ዝገት ብቻ ነው። ለእርሱ ምንም ኬሚካል አያስፈልግህም። በብረት ሽቦ፣ በሙቅ ውሃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ከሥሩ ግራጫው ብረት እስኪታይ ፈግፍገው። የብረት ድስትን ሳሙና አይንካው የሚለው አባባል የመጣው ሳሙና ጠንካራ ኮስቲክ ይቀርበት ከነበረበት ዘመን ነው፤ የዛሬው ፈሳሽ ሳሙና በደንብ የተሟሸን፣ ማለትም ዘይት ደርቆበት ልባስ የያዘን ብረት አይጎዳም።

ድስቱ ግን ቅርፊት ካለበት መጀመሪያ ቅርፊቱን አውጣ። ቀላሉ መንገድ ኮስቲክ ሶዳ ያለበትን የኦቭን ማጽጃ መርጨት ነው። ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር አድርገህ፣ ደጅ ወጥተህ ድስቱን ከውስጥም ከውጭም ርጨው፤ በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት ቋጥረህ አንድ ወይም ሁለት ቀን ተወው። ከዚያ የለሰለሰውን በናይለን ብሩሽ ጥረግና እጠብ፤ ከቀረ ድገም። ብዙ ዕቃ ካለህ በፕላስቲክ ባልዲ 20 ሊትር ውሃ አድርገህ 450 ግራም ያህል ንጹሕ ኮስቲክ ሶዳ ጨምርበት። ሶዳው ወደ ውሃው ነው የሚጨመረው፤ ውሃውን ሶዳው ላይ ካፈሰስከው በኃይል ፈልቶ ፊትህ ላይ ይረጫል። አሉሚኒየም የሆነ ነገር አታስገባበት፤ ያሟሟዋል፣ ሃይድሮጂን ጋዝም ያወጣል። ልጆችና እንስሳት በማይደርሱበት ቦታ ክዳን ይደረግበት። ብረቱን ራሱን ስለማይበላ ድስቱ ለቀናት ቢቆይበት አያሳስብም።

ቅርፊቱ ከወጣ በኋላ በደንብ አጥበህ ወደ ዝገቱ ሂድ። ነጭ አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅል፤ ድስቱ ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ። ግማሹ ከውሃው በላይ ከቀረ በመስመሩ ላይ ምልክት ይተዋል። ከ30 ደቂቃ በኋላ አውጣና በሽቦ ፈግፍገው፤ ዝገቱ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ከለቀቀ በቃው፤ ካልለቀቀ ሌላ 30 ደቂቃ። አሲዱ ዝገቱን ሲጨርስ ወደ ብረቱ ስለሚዞር አሳድረው ብሎ የሚመክርህን አትስማ። ድስቱን ስታወጣው በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠህ እጠበው፤ የቀረውን አሲድ ያበርደዋል።

ኤሌክትሪክ በውሃ ውስጥ አሳልፎ ዝገትን የሚያነሣ፣ በባትሪ ቻርጀር የሚሠራም ዘዴ አለ፤ ለብዙ ዕቃ ጥሩ ነው፣ ላንተ ለሁለቱ ግን አይመከርም። ከሞከርክ ሁለት ነገር አትርሳ፦ ሃይድሮጂን ስለሚወጣ ሥራው ደጅ ይሁን፤ ከአዎንታዊው ሽቦ ጋር የምታስረው ብረት ደግሞ ስቴንለስ ስቲል አይሁን፤ መርዘኛ የክሮሚየም ውህድ ውሃው ውስጥ ይለቃል።

የማይሞከረውንም ልንገርህ። ደመራ በሚያህል እሳት ውስጥ ጥሎ ማቃጠል ቅርፊቱን ያነሣል፤ ግን ብረቱ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ወይም ደብዛዛ ቀይ ቀለም ይይዝና ከዚያ በኋላ ዘይት አልቀበል ይላል። ግራይንደርም ይቅር። እነዚህ ዕቃዎች የሚሠሩት የቀለጠ ብረት በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ነው፤ እንግሊዛዊው አብርሃም ዳርቢ የብረት ድስት በአሸዋ የመጣል የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1707 ነው። ጣትህን በድስቱ ላይ ስታሳልፍ የሚሻክርህ ያ የአሸዋ አሻራ ነው፤ የዘይቱ ልባስም እርሱን ይይዛል። በግራይንደር ከመጠን በላይ ካለሰለስከው ልባሱ በደንብ ላይይዝ ይችላል።

ከታጠበ በኋላ ጊዜ የለህም። የተራቆተ ብረት ርጥብ ሆኖ ከቆየ በደቂቃዎች ውስጥ ብርቱካናማ ዱቄት ያወጣል፤ ነጭ ጨርቅ ብታሳልፍበት ታየዋለህ። ወዲያው በፎጣ አድርቅና 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ኦቭን ውስጥ 20 ደቂቃ አቆየው፤ በሽካራው ወለል ውስጥ የተደበቀው ውሃ የሚወጣው በሙቀት ብቻ ነው። በዚህ መሃል ትንሽ ዱቄት ቢያወጣ አትደንግጥ፤ ዘይት በነካ ጨርቅ ይጠረጋል።

አሁን ማሟሸቱ። ከደብዳቤዬ አንድ ነገር ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህን ያዝ፤ ዘይቱ ይሳሳ። ዘይት በሙቀትና በአየር ተለውጦ ደረቅ፣ ጥቁር፣ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ልባስ ይሆናል። ሲወፍር ግን ላዩ ቀድሞ ይደርቅና አየር ይከለክላል፤ ሥሩ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ጣት ላይ የሚጣበቅ መጥበሻ ምክንያቱ ሁልጊዜ ይኸው ነው ማለት ይቻላል።

ድስቱ ገና ሞቅ እያለ ለመጥበሻው ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ለድስቱና ለክዳኑ ከአንድ የማያልፍ ዘይት አፍስስና በጨርቅ ሁሉንም ቦታ አዳርስ፦ ውስጡን፣ ውጭውን፣ የእግሮቹን መሃል፣ የክዳኑን ጠርዝ፣ የማንጠልጠያውን ጆሮ። ከዚያ ሌላ ንጹሕና ደረቅ ጨርቅ ውሰድና በስህተት የቀባኸው ይመስል ሁሉንም መልሰህ ጥረገው። ምንም አልቀረም ብለህ ስታስብ የቀረው በቂው ነው። ብረቱ ጠቆር ብሎ ይታያል፣ ግን አያብረቀርቅም፤ የሚያብረቀርቅ ቦታ ካየህ ገና ዘይት አለበት። አሥር ደቂቃ ኦቭን ውስጥ አስገብተህ አውጣና እንደገና ጥረገው፤ ሲሞቅ ከጉድጓዶቹ ዘይት ያልበዋል፤ ያልተጠረገው ሰብሰብ ብሎ ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ይደርቃል።

ከዚያ አፉን ወደ ታች ድፍተህ በ230 ዲግሪ አንድ ሰዓት። መስኮት ክፈት፣ ይጨሳል። ሰዓቱ ሲሞላ ኦቭኑን አጥፋና በሩን ሳትከፍት እዚያው ይቀዝቅዝ። ይህን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ደጋግመው። የመጀመሪያው ዙር ቡናማና ዥጉርጉር ሆኖ ቢወጣ አይክፋህ፤ ጥቁረቱ የሚመጣው በድግግሞሽና በማብሰል ነው። የዘይቱን ነገር ከጠየቅኸኝ የሱፍ ወይም የአኩሪ አተር ዘይት ይበቃሃል። የተልባ ዘይት ብዙ የተወራለት ነው፤ ሲደርቅ በእርግጥ ጠንካራና የሚያምር ይሆናል፤ ግን ተሰባሪ ስለሆነ ብዙ ጊዜ እንደ ቅርፊት ይላጣል። እኔ አልመርጠውም።

ሥራው አልቆ ተጣበቀብህ? ምንም አትጨምርበት፤ በባዶው ደፍተህ በ230 ዲግሪ ሌላ ሰዓት አብስለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይደርቃል። ተላጠ? የሚነሣውን ብቻ በሽቦ አንሥተህ ቦታውን ዳግም አሟሽ፤ ሙሉውን ማራቆት አያስፈልግም። ምግቡ ብረት ብረት አለህ? ልባሱ ገና ሳይጠነክር ኮምጣጣ ነገር አብስለህበታል ማለት ነው፤ ቲማቲምና አቼቶ ያለበትን ነገር ለመጀመሪያዎቹ ወራት አርቅለት፣ ከዚያም በኋላ ቢሆን ውስጡ አታሳድር።

ካምፕ ላይ ስትወጣ ድስቱን ቀስ በቀስ አሙቀው። ብሪኬት ከሰል፣ ማለትም በእኩል መጠን ተጨምቆ የተሠራውን ከሰል የምትጠቀም ከሆነ የድስቱን ስፋት በኢንች ለካና በሁለት አባዛው፤ ያ የከሰሉ ቁጥር ነው። ያንተው 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 24 ፍሬ፤ 15 ክዳኑ ላይ፣ 9 ከሥር። ወደ 175 ዲግሪ ይሰጥሃል፤ ነፋስ ካለ ከሰሉ ቶሎ ስለሚያልቅ መከለያ ሥራለት። የሥሩን ከሰል በክብ ደርድረው እንጂ መሃል ላይ አትከምረው፤ መሃሉ ያራል። በየ15 ደቂቃው ድስቱን ሩብ ዙር ወደ ቀኝ፣ ክዳኑን ሩብ ዙር ወደ ግራ አዙር። ክዳኑን ስታነሣ ቀጥ አድርገህ ያዝ፤ አመድ ምግቡ ውስጥ የሚገባው ሲያዘነብል ነው።

ሲያልቅ ለብ እስኪል ጠብቀህ በሙቅ ውሃ እጠበው። የያዘ ምግብ ካለ ደረቅ ጨውና ጥቂት ዘይት አድርገህ በጨርቅ እሸው፤ ወይም ውሃ አፍልተህበት በእንጨት ፋቀው። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ እንዳትተኛ። እሳት ላይ አድርቀህ፣ ጠብታ ዘይት ቀብተህ ጥረገው።

ለረጅም ጊዜ ስታስቀምጠው ክዳኑን ገጥመህ አትዝጋ። በጠርዙ መሃል የታጠፈ ወረቀት አድርግ፣ ውስጡም ወረቀት ጣልበት፤ ርጥበቱን ይጠጣል፣ አየርም ይተላለፋል። ዘይት አብዝተህ ቀብተህ ከሸኘኸው ከርሞ ይሸታል፣ ይጣበቃል። ባለፈው ዝገቱ ከክዳኑ ጠርዝና ከእግሮቹ ሥር ጀምሮ ከሆነ ምናልባት ርጥብ ሳለ ተዘግቶ፣ ወይም ቀዝቃዛ ወለል ላይ ተቀምጦ ነው፤ እንጨት ላይ አስቀምጠው።

አቼቶውን ከመግዛትህ በፊት ድስቱን በማንኪያ መትተህ ድምፁን ቀድተህ ላክልኝ፤ የሥሩንም ፎቶ ጨምር። እሳት ያበላሸው የሚመስል ደብዛዛ ቀይ ቦታ ካለበት አብረን እናየዋለን። ቤተሰቡን ሁሉ በስሜ ሳምልኝ።

ያንተው ወዳጅ