ሰው ሳይሞላ አይቆረስም

አንቺዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው አይደል? ለእማማ ልቅሶ አልደረስኩም። ከዚያ በኋላ ሐፍረቱ ባሰብኝና ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በይኝ። ስንገናኝ በደንብ እጠይቅሻለሁ። አሁን የምጽፍልሽ እማማ እዚህ ሩቅ አገር ገበታ ላይ ትዝ ብለውኝ ነው።

ለሥልጠና ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ከመጣሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ክሯ ሩስ የሚባል ኮረብታ ላይ፣ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ቤት አርፌያለሁ። የመጀመሪያው ጠዋት ዳቦ ቤት ገብቼ በቀጥታ «ባጌት» አልኩ። ሻጯ «ቦንዡር» ብላ ቆመች። እስክመልስላት አልተንቀሳቀሰችም። ሰላምታ ሳይቀድም ጉዳይ የለም። ወደድኳቸው።

ምሳ በእኛ ሰዓት ከ6 እስከ 8 ነው። አንድ ቀን 8:30 ላይ ሄጄ «ወጥ ቤቱ ተዘግቷል» አሉኝ። እርቦኝ ስለነበር ተናደድኩ። አሁን ግን ደስ ይለኛል፤ ሰዉ ሁሉ ሥራውን ጥሎ በአንድ ሰዓት ይቀመጣል። አንቺ ቁርስሽን ቆመሽ የምትጎርሺው እዚህ ብትሆኚ ጉድሽ ነበር!

የእሁዱን ምሳ ግን ብታዪው። ልጆቻቸው መጡ፣ ጎረቤት መጣ። መጀመሪያ ቀለል ያለ ነገር፣ ቀጥሎ ዋናው ምግብ፣ ከዚያ አይብ፣ ከዚያ ጣፋጭ፣ መጨረሻ ላይ ቡና። ዳቦው ሳህን ላይ አይቀመጥም፣ የጠረጴዛው ልብስ ላይ ነው። ገልብጬ ባስቀምጠው ሴትዮዋ ቶሎ አቀኑት፤ ገድ የለውም ይላሉ። ስልክ ያወጣ አንድም ሰው የለም። ከ7 ሰዓት እስከ 10 ተቀመጥን። ዩኔስኮ እንደ ፈረንጆቹ በ2010 የፈረንሳዮችን የገበታ ሥርዓት በቅርስነት መዝግቧል ሲባል ምኑን ነው የመዘገበው እል ነበር። ይሄንን ነው።

ረቡዕ እጾማለሁ ስላቸው ምንም አልጠየቁኝም። ማታ ለ ፕዊ ከሚባል ከተማ የመጣ አረንጓዴ ምስር ቀቅለው፣ ሰናፍጭና ዘይት አድርገውበት አቀረቡልኝ። እሳቸውም አይቡን ትተው ከእኔ ጋር ምስር በሉ። እንባዬ መጣ። የመጨረሻው ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመጣ «ሰው ሳይሞላ አይቆረስም» እያሉ እማማ የሚያስጠብቁን ትዝ አለኝ። ስንቴ በልተናል ከዚያ ገበታ! እኔ ግን እሳቸው ሲያልፉ እንኳ አልመጣሁም።

እንዴት ብዬ እንደምጠይቅሽ... ሐሙስ እመለሳለሁ። እሁድ ምሳ ቤትሽ ልምጣ? ያ ክብ ጠረጴዛ አሁንም አለ? ባጌት በማግስቱ ስለሚደርቅ አላመጣልሽም፤ ድፎ ዳቦ ከሰፈር ይዤ እመጣለሁ። ሽሮውን አንቺ ሥሪው። ወንድሞችሽንም ጥሪያቸው፣ እነሱ እስኪመጡ እንጠብቃለን።

መደወል ከከበደሽ «ነይ» ብለሽ ብቻ ጻፊልኝ።

ያንቺዋ