ፊልሙን አስቁሚው

ሐረር፣ ኅዳር

ውድ እህት ዓለም፣

እንዴት ከረምሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? የእማማ ጉልበት ተሻላቸው? ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍልሽ መቅረቴ ከፍቅር ማነስ እንዳልሆነ አንቺው ታውቂዋለሽ፤ ይቅር በዪኝ። ከድሬ በመጣው ሰው የላክሽው ጥያቄ ደርሶኝ ካነበብኩት ወዲህ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። ስለ ባርነትና ስለ ቆዳ ቀለም በታሪክ ፊልም ማስተማር ፈልገሽ «ከየት ልጀምር?» ብለሻል።

ፊልሙን ሙሉውን ባለማሳየት ጀምሪ። የሁለት ሰዓት ፊልም በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሦስት ቦታ ይቆራረጣል። ደወሉ ግርፋቱ መሀል ከተደወለ ልጆቹ ያንን ምስል ይዘው ሳይነጋገሩበት ይወጣሉ፤ ደጅ ላይም መቀላለጃ ይሆናል። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ የሚሆን አንድ ክፍል ምረጪ፣ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ደቂቃ ከነሴኮንዱ በወረቀት ጻፊ፣ ከዚያ ውጪ ያለውን ተዪው።

«ግሎሪ»ን ውሰጂ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣውን። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስለዘመቱት ጥቁር ወታደሮች፣ ስለ 54ኛው የማሳቹሴትስ ሬጅመንት ነው። ትሪፕ የሚባለው ወታደር ከጦር ሰፈር ጠፍቶ ተይዟል። ሸሚዙ ሲወልቅ ጀርባው ድሮ በተገረፈበት ጠባሳ ተተልትሎ ይታያል። ጅራፉ ሲያርፍበት አይጮኽም፤ እንዲገረፍ ያዘዘውን ነጭ ኮሎኔል አፍጥጦ ያየዋል፣ አንዲት እንባም በጉንጩ ትወርዳለች። እዚህ ጋ አስቁሚው። ምስሉ ግድግዳው ላይ እንዳለ አንድ ደቂቃ ሙሉ ማንም ሳይናገር ያዩትን ብቻ ይጻፉ፤ የተሰማቸውን በኋላ ይደርሱበታል። ከዚያ ጠይቂያቸው፦ ካሜራው የማንን ፊት ያሳየናል? ማን ይናገራል፣ ማን ዝም ይላል? በማን ዓይን ነው እያየን ያለነው?

መልሱን ከሰማሽ በኋላ ሰነዱን አምጪ። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ግርፋት በ1861 እ.ኤ.አ. በሕግ ተከልክሎ ነበር፤ ሬጅመንቱ የተቋቋመው በ1863 ነው። ፊልሙ አብዛኞቹን ወታደሮች ከባርነት ያመለጡ አድርጎ ያቀርባቸዋል፤ በእውነቱ የሚበዙት በሰሜኑ ክፍል በነጻነት የኖሩ ሰዎች ነበሩ። ታዲያ ፊልም ሠሪው ግርፋቱን ለምን ፈለገው? ትምህርቱ የሚጀምረው ይህ ጥያቄ ላይ ነው። ልጆቹ ፊልም የተሠራበትን ዘመንም እንደሚናገር የሚገባቸው እዚህ ላይ ነው።

የደመወዙንም ነገር አትዝለዪው። ነጭ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲከፈለው ለጥቁሩ 10 ተብሎ 3ቱ ለልብስ ይቆረጥበት ነበር፤ እጁ የሚገባው 7 ነው። የ54ኛው ወታደሮች ለ18 ወር ያህል አንቀበልም ብለው ያለ ደመወዝ ተዋጉ። ልጆቹ ራሳቸው ያስሉት፦ በወር 6 ዶላር ልዩነት፣ በ18 ወር 108። ኮንግረሱ እኩል ክፍያ የፈቀደው በሰኔ 1864 ነው፤ ፊልሙ ግን በሐምሌ 1863ቱ የፎርት ዋግነር ውጊያ ያበቃል። ስለዚህ ወታደሮቹ ታግለው ያሸነፉት ነገር ከፊልሙ ውጪ ቀርቷል። ይህን ካልነገርሻቸው ባለታሪኩ ነጩ ኮሎኔል ብቻ እንደሆነ አምነው ይሄዳሉ።

ለአሥራ አንደኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» ይሻላል። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ የባርነትን ታሪክ የሚያየው በተያዙት ሰዎች ዓይን ነው። በባርነት የተያዘችው የኑኑ ልጅ ጆ በገዛ ወገኖቹ ላይ አለቃ ተደርጎ መሾሙ ብቻ የአንድ ክፍለ ጊዜ ውይይት ይወጣዋል። ነገር ግን መጀመሪያ አካባቢ፣ በጋናው የኬፕ ኮስት ምሽግ ውስጥ፣ አንዲት ሴት ልብሷን ገፈው በጋለ ብረት ሲተኩሷት ይታያል። እሱን አታሳዪ፤ በቃል ንገሪያቸው፣ ይበቃል።

አሁን ዋናው ነገር። በእኛ ክፍል ውስጥ «ባሪያ» የሚለው ቃል የታሪክ ቃል ብቻ አይደለም፣ ዛሬም ጠቆር ባለ ልጅ ላይ የሚወረወር ስድብ ነው። ፊልሙ ከመከፈቱ በፊት ይህን በግልጽ ተናገሪ፤ «በባርነት የተያዘ ሰው» ማለትን አስለምጃቸው። ከዚያ ገብሬና አብዱ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ከሆነ ስማቸው ምን ማለት እንደሆነ ጠይቂ። አንዱ በግዕዝ፣ ሌላው በዐረብኛ፣ ሁለቱም «ባሪያ፣ አገልጋይ» ከሚል ቃል የመጡ ናቸው። ለፈጣሪ ሲሆን ክብር፣ ለሰው ሲሆን ውርደት። ልጆቹ እዚህ ላይ ዝም ይላሉ፤ ዝምታውን አትቸኩዪበት።

አንዱ መነሣቱ አይቀርም፦ «እኛ እኮ አልተገዛንም!» ይላል። አትቆጪው፣ ዓድዋን አስቦ ነው። «ተገዛ» ብለሽ ሰሌዳው ላይ ጻፊ። አማርኛችን በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይላል፦ በሌላ መንግሥት ሥር ወደቀ፣ በገንዘብም ተሸጠ። በመጀመሪያው ልጁ ልክ ነው። በሁለተኛው ግን ከሐረር ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርደው የቅፍለት መንገድ ቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልተጓዘበትም፣ ሰውም ተነድቶበታል። ባርነት በአገራችን ሕጋዊ መሆኑ በአዋጅ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የተወለዱ ሰዎች ዛሬም በየሰፈራችን አሉ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ምስክርነት አለልሽ። በ1888 እ.ኤ.አ. ኦስፕሪ የተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ለባርነት የሚጓዙ የኦሮሞ ልጆችን የጫኑ ጀልባዎች ያዘ። 64ቱ ልጆች በ1890 ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ትምህርት ቤት ገቡ። ከየት እንደተወሰዱ፣ በማን እጅ እንዳለፉ ራሳቸው የተናገሩት ተጽፎ ቀርቷል። አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች፤ የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር አፓርታይድን ታግሎ በሮበን ደሴት 10 ዓመት ታስሯል። ትሪፕ ለፊልሙ የተፈጠረ ሰው ነው፣ ቢሾ ግን የእውነት ልጅ ነበረች። ሁለቱን ጎን ለጎን አቅርቢያቸው።

የሚያበላሹትን ልንገርሽ። ጨረታውን ወይም መርከቡን በድራማ አታሠሪያቸው፤ የሚሸጠውን ልጅ ሚና ማን እንደሚሰጠው አስቢው። ከክፍሉ የጠቆረውን ልጅ «አንተስ ምን ተሰማህ?» ብለሽ ለይተሽ አትጠይቂ። ሲስቁ አትደንግጪ፣ የሚበዛው ሳቅ የሚመጣው ከማፈር ነው፤ አስቁሚውና ምን እንዳሳቃቸው በወረቀት ይጻፉ። ለመውጣት የሚፈልግ ልጅ ሳይጠየቅ ይውጣ፣ ይህን ከዋዜማው ንገሪያቸው።

ስለ ድሬ ሙቀት አንቺ ታውቂያለሽ። መስኮት ሸፍኖ 60 ልጅ ማስቀመጥ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ካልሆነ አይቻልም። የላፕቶፕ ድምፅ የኋላ ወንበር አይደርስም፣ ስፒከር ተዋሺ። ከሥር የሚጻፈው እንግሊዝኛ ይፈጥንባቸዋል፤ ንግግሩን በግማሽ ገጽ በአማርኛ ተርጉመሽ ለስድስት ስድስት ልጅ አንድ ቅጂ ስጪና አስቀድመው ያንብቡት። መብራት ከጠፋ ያቺው ግማሽ ገጽና የቢሾ ታሪክ ለክፍለ ጊዜው ይበቃሉ። ጊዜውን እንዲህ ከፋፍዪው፦ ለቃሉ 7 ደቂቃ፣ ለፊልሙ 9፣ ለጽሑፍ 2፣ ለቡድን ውይይት 15፣ የቀረው 7 እያንዳንዱ ልጅ አንድ ጥያቄ ጽፎ እንዲያስረክብሽ።

የግርፋቱን ክፍል ትርጉም ጨርሼዋለሁ፤ ቅዳሜ በሚወርድ ሰው ከነፍላሹ ይደርስሻል። ልጆቹ የጻፏቸውን ጥያቄዎች አትጣያቸው፣ ላኪልኝ።

እማማን ሳሚልኝ።