ማሩ በመጨረሻ ይገባል፦ የምግብ ዝግጅት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የምግብ ዝግጅት ክበብ በዚህ ዓመት የሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማር አዋዜ። በመስከረም ወር አባላቱ ያቀረቡት ዕቅድ ኬክ፣ ፒዛ፣ ላዛኛና የፍራፍሬ ሰላጣ የተደረደሩበት ረጅም ዝርዝር ነበር። እኔ በበኩሌ አሥር ምግብ አንድ አንድ ጊዜ ከመሥራት አንዱን ደጋግሞ ሠርቶ ጠባዩን ማወቅ ይበልጣል ባይ ነኝ። ክፍላችን ፉርኖ የለውም፤ ያለን አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃና መብራት ሲጠፋ የምንቀይርበት የከሰል ምድጃ ነው። ስለዚህ በየቤቱ ከማይጠፉ ነገሮች የሚሠራ፣ ርካሽ የሆነና ለኬሚስትሪ መምህርም የሚናገረው ነገር የሚተርፍለት ሥራ ያስፈልገን ነበር። አባላቱ ለጥቂት ጊዜ አኮረፉ፤ ከዚያ ተስማሙ።

ሐሳቡን ያመጣችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። አያቷ አዋዜ የሚያሹት በጠጅ መሆኑን ስትናገር ግማሹ ክፍል ሳቀ፤ ግማሹ ደግሞ «እኛም ቤት እንዲሁ ነው» አለ። በትምህርት ቤት ጠጅ እንደማይገባ የታወቀ ነው። ጠጅ ለአዋዜው የሚሰጠው ግን ከማሩ የተረፈ ጣፋጭነትና ትንሽ ኮምጣጣነት ስለሆነ፣ ማርና አቼቶ ብንጠቀም ወደዚያው ጣዕም እንቀርባለን አልን። አያትየዋን ጋብዘናቸው መጡ። ወንበር ስናቀርብላቸው «ልጆቼ፣ ተቀምጦ አዋዜ አይሠራም» ብለው ቆመው አሳዩን። በርበሬውን በእጃቸው ዳብሰው ብቻ «ይህ ፀሐይ ይጎድለዋል» ሲሉ፣ ያን በርበሬ የገዙት ልጆች መሬት መሬት አዩ።

ገበያው ራሱ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ማርና ቅመም የገዛነው ከሾላ ገበያ ነው። ነጩ፣ ቀዩ፣ ወለላው፣ ከነሰፈፉ ያለው፣ ሁሉም ባለቤቱ «ንጹሕ» ይለዋል። ተማሪዎቹ መጀመሪያ የተጠራጠሩት የረጋውን ማር ነበር፤ «ስኳር ተጨምሮበታል» የሚለው ወሬ በየቤቱ ስላለ። እውነቱ ሌላ ነው። ማር ከመቶ 80 እጅ ገደማ ስኳር ነው፤ ከስኳሮቹ ዋነኞቹ ፍሩክቶስና ግሉኮስ ሲሆኑ ግሉኮስ በውሃ ውስጥ እንደ ፍሩክቶስ በቀላሉ አይሟሟም። ስለዚህ ጊዜውን ጠብቆ ይረጋል። ግሉኮሱ የበዛ ማር ቶሎ ይረጋል፤ ፍሩክቶሱ የበዛው ረጅም ጊዜ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው ንቧ የቀሰመችው አበባ ነው። እንግዲህ መርጋት ብቻውን ማርን አያስከስስም።

ንጹሕ ማር ይለያሉ የሚባሉትን በክብሪት የመለኮስና በብርጭቆ ውሃ ውስጥ የመጣል ፍተሻዎችንም ሞከርናቸው። ሆን ብለን ስኳር በጥብጠን የቀላቀልንበት ወፍራም ማር ከውሃው ሥር ሳይበተን ሲቀመጥ ልጆቹ ተገረሙ። የውሃው ፍተሻ የሚነግረን የማሩን ውፍረት እንጂ ንጽሕናውን አይደለም። ከዚያ ወዲህ የክበቡ ደንብ ከሚታወቅ ነጋዴ መግዛትና በተለይ አደይ አበባ ካለፈ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠውን አዲስ ማር መጠበቅ ሆነ። የረጋውን ማር ለማቅለጥ ጠርሙሱን 40 ዲግሪ አካባቢ በሞቀ ውሃ ውስጥ እናቆመዋለን። የቀፎ ውስጡ ሙቀት ራሱ 35 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ማሩ ከለመደው ብዙ አልራቀም። በቀጥታ እሳት ላይ የሚጥድ አባል ግን ድስት ያጥባል።

የኅዳርና የታኅሣሥ ሥራችን ስለ ውሃ ነበር። ንብ የአበባውን ፈሳሽ በክንፏ እያራገበች ታደርቀዋለች፤ ውሃው ከመቶ 18 አካባቢ ሲደርስ የማር እንጀራውን በሰም ትከድነዋለች። ማር ሳይበላሽ የሚቆየው በዚህ ድርቀቱና በኮምጣጣነቱ ነው፤ በውስጡ ያለ እርሾ የሚጠጣው ውሃ አጥቶ ይተኛል። ውሃ ስትጨምርበት እርሾው ይነቃል። ይህን ለኢትዮጵያዊ ልጅ ማስረዳት ምንኛ ቀላል ነው! ማር በውሃ ሲበጠበጥ ብርዝ ይሆናል፤ ብርዝ ሲቆይ ወደ ጠጅ ይሄዳል። እርጥብ ነገር የበዛበት የማር አዋዜም ሳያስበው መንገዱን ወደዚያው ይጀምራል።

ለማየት ሁለት ጠርሙስ አዘጋጀን። በአንዱ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ በዘይት ቁልት ብሎ ውሃው ከጠፋ በኋላ ማር ገባ። በሌላው ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬ ዝንጅብልና እርጥብ ቃሪያ ተፈጭተው በማር ተለወሱ። ሁለተኛው ከሳምንት በኋላ ክዳኑ ሲፈታ ተነፈሰ፤ ላዩ ላይም አረፋ ነበር። አንድ ልጅ «ጠጅ ሆኗል፣ እንቅመሰው» አለ። አልተቀመሰም። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ከአፈር የሚወጣ ነገር ነው፤ አየር በሌለበት፣ ኮምጣጣነቱም ባነሰ ቦታ ከታሸገ ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ ሕመም የሚያስከትል መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊያድግበት ይችላል። ባክቴሪያው ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበዛል) ከ4.6 በታች በሆነ ምግብ ውስጥ አያድግም። መጀመሪያ ለጣዕሙ ያሰብነው አቼቶ በአሠራራችን ውስጥ ቋሚ ቦታ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ከአቼቶው በኋላ በፒኤች ወረቀት ስንለካው ከ4 ዝቅ ብሎ አገኘነው። ያም ሆኖ የሠራነውን ሁሉ በማቀዝቀዣ እናስቀምጣለን፤ ከሁለት ሳምንት በላይም አናቆይም። ማር የገባበት ምንም ነገር ዓመት ላልሞላው ሕፃን እንደማይሰጥ የክበቡ አባል ሁሉ በቃሉ ያውቃል። ታናናሽ ወንድምና እኅት ያላቸው ልጆች ስለሆኑ ይህን ደጋግሜ አስብያቸዋለሁ፤ አልሰለቸኝም።

ጥር ላይ ወደ በርበሬው ዞርን። በርበሬ የኛ ነው ስንል የምንከራከር ሰዎች ነን፤ ተክሉ ግን ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነውና በዓለማችን ክፍል ከ1492 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በፊት አልነበረም። ማር ከርሱ በፊት በዚህ አገር ስንት ዘመን እንደኖረ ማሰብ ይበቃል። ልጆቹን ይበልጥ ያስደነቃቸው ግን የሚያቃጥለው ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር አለመሆኑ ነው። ማቃጠያው፣ ካፕሳይሲን የሚባለው፣ የሚመረተው ዘሩ በተያያዘበት ነጭ ሥጋ ላይ ነው፤ ዘሩ ከዚያ ስለሚነካካ ብቻ ያቃጥላል። ምላሳችን ላይ ካፕሳይሲንን የሚቀበለው በር 43 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ ያለ ሙቀትንም የሚቀበል ነው። ስለዚህ አንጎላችን «ተቃጠልኩ» ሲል እየዋሸ አይደለም፤ ያው መልእክት ነው የደረሰው። ይህን በር ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ሆኗል።

ጣፋጭ ነገር ማቃጠልን እንደሚያለዝብ አያቶቻችን ያውቁታል። አሜሪካዊው የመድኃኒት ባለሙያ ዊልበር ስኮቪልም በ1912 እ.ኤ.አ. የበርበሬን ኃይል ለመለካት ይህንኑ ተጠቀመ፤ የበርበሬውን ጭማቂ ቀማሾቹ ማቃጠሉ እስኪጠፋባቸው ድረስ በስኳር ውሃ እያቀጠነ ነበር የሚሰፍረው። እኛም በርበሬ ዘፍዝፈን አጥልለን፣ አንዱን በተራ ውሃ፣ ሌላውን በስኳር ውሃ አቅጥነን ዓይናቸው ለታሰረ ቀማሾች ሰጠን። ብዙዎቹ ባለ ስኳሩን «ይህ ለስለስ ይላል» አሉ። አንዲቷን ልጅ ግን ሁለቱም ምንም አላሏትም። እናቷ የሐረር ሚጥሚጣ ወዳጅ እንደሆኑ በኋላ ሰማን።

ካፕሳይሲን በውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ በዘይት ግን በደንብ ይሟሟል። ከዚህ የአዋዜያችን ቅደም ተከተል ተወለደ። መጀመሪያ በርበሬው ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ኃይሉንና ቀለሙን ለዘይቱ ይሰጣል። ከዚያ አቼቶው። ማሩ በመጨረሻ።

አሠራሩን እንደምንሠራው ልጻፈው። 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት በዝቅተኛ እሳት ይሞቃል። 4 ፍሬ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና 1 የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ዝንጅብል ገብቶ፣ መንጫጫቱ ቀንሶ ጫፉ ወርቃማ መሆን እስኪጀምር ይቁላላል፤ መንጫጫቱ የሚነግረን ውሃው ገና እየወጣ መሆኑን ነው። ከዚያ ድስቱ ከእሳቱ ይነሳና 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ይገባል። ከእሳቱ ማንሳቱ ጌጥ አይደለም፤ በጋለ ዘይት ላይ የተጣለ በርበሬ በአፍታ አርሮ ይመራል፣ ክፍሉም በሳል ይሞላል። (ቤተ መጻሕፍቱ ከጎናችን ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ባልደረባዬ ስለዚህ ጉዳይ የጻፉልኝን ደብዳቤ አክብሬ አስቀምጫለሁ።) ድስቱ ወደ ዝቅተኛ እሳት ተመልሶ በማማሰያ እየተማሰለ ዘይቱ ቀልቶ ሲወጣ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ አቼቶና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይገባና ሽታው እስኪለዝብ ይንተከተካል። እሳቱ ይጠፋል። ጣት ለመንካት የሚያስችል ሙቀት ላይ ሲደርስ 8 የሾርባ ማንኪያ ማርና ቁንጥር የተፈጨ ኮረሪማ ገብቶ ይዋሃዳል። በቃ። በደረቀ፣ በፈላ ውሃ በታጠበ ጠርሙስ ይገለበጣል። እርጥብ ማንኪያ የሚያስገባበት ሰው ውሃውን በገዛ እጁ እየመለሰ ነው።

ማሩ ለምን ቀድሞ አይገባም? የዚህ ጥያቄ መልስ የመጣው ከቴርሞሜትር ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ልጆቹ የመማሪያ መጽሐፉ ተሳስቷል ብለው ነበር። ድስቱ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከዚያ ብዙ አያልፍም። ውሃው ሲያልቅ ግን ይዘላል፤ የማር ፍሩክቶስ ደግሞ 110 ዲግሪ ላይ መቃጠል ይጀምራል። ቀድሞ የገባ ማር ይጠቁራል፣ ከድስቱ ሥር ይጣበቃል፣ የአበባ ሽታውም ይተናል። በውድ ተገዝቶ ሽታው ለጣሪያው ከተሰጠ፣ ስኳር ብንጠቀም ምን ነበረበት?

ይኸው ደንብ በጥብስ ላይም ይሠራል። የዶሮ ክንፍ የሚጠብስ ሰው አዋዜውን ከመጀመሪያው ከቀባው ውጩ ከሰል ሆኖ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ሥጋው በጨውና በነጭ ሽንኩርት ብቻ ይጠበስ፤ ሊወጣ አምስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ይቀባ። የክበባችን ወንዶች ልጆች ይህን ለመማር ያሳዩት ትጋት በፈተና ላይም ቢታይ እመኛለሁ።

ከምን ጋር ይበላል በሚለው ላይ መግባባት አልተቻለም። የምስር ሳምቡሳ ላይ ሁሉም ተስማምቷል፤ ለጾም ቀንም ስለሚሆን ከሁሉ የበለጠ የሠራነው እርሱን ነው። ከተጠበሰ ድንችና ከትኩስ ዳቦ ጋርም ጥሩ ነው። ከአይብ ጋር ያለው ነገር ግን ለኔ የዓመቱ ግኝት ነው፤ አይቡ ያበርዳል፣ ማሩ ያለዝባል፣ በርበሬው ከኋላ ይመጣል። በሽሮ ላይ የጨመሩም ነበሩ። አልከለከልኳቸውም፤ አልበላሁላቸውምም።

በሰኔው የወላጆች ቀን ሳምቡሳና አዋዜ ሸጠን፣ ገቢው የዘይትና የማር ዕዳችንን ከፍሎ ለሚዛን መግዣ ተረፈ። በ2018 ዓ.ም. ምዝገባው በመስከረም ሦስተኛ ሳምንት ይጀመራል። የሚቀጥለው ሥራችን ዳጣ ነው፤ እርጥብ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና በሶብላ ስለሆነ የውሃው ጥያቄ ከባሰበት ቦታ ይጀምራል ማለት ነው። ወላጆች ክዳናቸው በደንብ የሚገጥም ባዶ የብርጭቆ ጠርሙሶችን ከልጆቻቸው ጋር እንዲልኩልን እንጠይቃለን። ከወላጆች ቀን በኋላ የክበቡን ትልቁን ድስት የወሰዱ ባልደረቦችም ሳይታጠብ ቢሆንም እንኳ ይመልሱልን።