ስለ 532

ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጌታቸው፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ? የአንኮበር ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። መጠፋፋታችን በዛ፤ ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ግን አንድ ቁጥር ነው። ለተማሪዎችህ እንድታደርስልኝ አጥብቄ እፈልጋለሁ።

የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማውጫው ባሕረ ሐሳብ ዓቢይ ቀመር የሚለው፣ የፋሲካ ቀኖች ተመልሰው የሚገጥሙበት የዓመታት ዑደት 532፣ 19 ጊዜ 28 ነው። 19ኙ የጨረቃ ዑደት ነው። 28ቱ የሳምንቱ ዕለት ዑደት ነው፤ በየዓመቱ ዕለት በአንድ ይገፋል፣ ጳጉሜን 6 በሆነች ቁጥር ደግሞ አንድ ይጨመርበታል፤ ስለዚህ ጳጉሜን 6 የምትመለስበት 4 ዓመትና የሳምንቱ 7 ዕለታት ይባዛሉ። 19 እና 28 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ ትንሹ የጋራ ብዜታቸው 532 የሆነው ለዚህ ነው። በ19 ፋንታ 20 ቢሆን ኖሮ ዑደቱ በ140 ዓመት ያልቅ ነበር።

ዘንድሮን አስላው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዘመን ሲደመር 2018፣ 7518። ለ532 ሲካፈል 14 ደርሶ 70 ይተርፋል። 70 ለ19፣ ቀሪው 13፤ አንዱን ለዘመኑ ተወው፣ የቀረው ወንበር ይባላል፣ 12። በ11 አባዝተህ 30 30 ስትገድፍ (ስትቀንስ) የሚተርፈው አበቅቴ ነው፣ 12፤ ከ30 ሲቀነስ የሚቀረው መጥቅዕ ነው፣ 18። መስከረም 18 እሑድ ስለዋለ ተውሳኩ፣ ማለትም በዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 7 ነው፤ 18 እና 7 ሲደመር የነነዌ ጾም መግቢያ ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4። በ1486ም ሚያዝያ 4 ነበር፣ በ2550ም ይሆናል። 19 ዓመት ብቻ ወደ ኋላ ብትሄድ ግን አይገጥምም፦ በ1999 መጥቅዑ ያው 18 ነው፣ ዕለቱ ሐሙስ ሆነና ፋሲካ መጋቢት 30 ዋለ።

ተማሪ የሚሳሳትበትን ቦታ ልንገርህ። ወንበር 18 ሲሆን አበቅቴ 18 ነው። በየዓመቱ 11 መደመር የለመደ ለሚቀጥለው 29 ይላል፤ ወንበሩ ግን አልቦ (ዜሮ) ስለሚሆን አበቅቴውም አልቦ ነው። 19 ጊዜ 11፣ 209 ስለሆነ 30 30 ሲገደፍ 29 ይተርፋል፤ አንዲት ቀን ካልተጨመረች ዑደቱ አይዘጋም።

እኔን እጅግ የሚያስደስተኝ ከቀሪዎቹ ወደ ዓመቱ የሚመልሰው ስሌት ነው። የ19ኙንና የ28ቱን ቀሪ ብቻ የሚያውቅ ሰው ዓመቱን ያገኛል። 476 ለ19 ሲካፈል 1 ይተርፋል፣ ለ28 ግን እኩል ይካፈላል፤ 57 ተቃራኒው ነው። የዘንድሮው 70 ለ19 እና ለ28 ሲካፈል ቀሪዎቹ 13 እና 14 ናቸው፦ 476 በ13፣ 6188፤ 57 በ14፣ 798፤ ድምሩ 6986። 532ን ደጋግመህ ቀንስ፣ ያው 70 ይወጣል። የትኛው ዑደት እንደሆነ ግን አይነግርህም፤ በአሮጌ ብራና ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ስታይ ከየት እንደተነሣ አስቀድመህ አጣራ።

ከሰማይም ጋር ፍጹም አይገጥምም። 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበልጣል፤ በ532 ዓመት ወደ አንድ ቀን ከሦስት ሩብ ይጠጋል።

ለታናናሾቹ ደግሞ ባቄላ ቁጠርላቸው፦ 1፣ 4፣ 7፣ 10 እያልክ በ3 በ3 እየጨመርክ እስከ 55። መደቦቹ 19 ናቸው፣ አማካያቸው 28፣ ድምሩ 532። ባለ አምስት ጎን ቁጥር ይባላል። ይህ ከጨረቃ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር እደነቃለሁ።

በ28ቱ ላይ ጥያቄ ካለህ ጻፍልኝ። ሰላምታዬን ለሁሉም አድርስልኝ።

ወንድምህ