አማርኛው ስለተዘበራረቀው ዳታቤዝ

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፤

እንደምን ከርመሃል? እትዬ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ደህና? ይህን ያህል ድምፄን በማጥፋቴ አትቀየመኝ። ደብረ ብርሃን ውርጩ እንዳለ ነው፣ እኛ ግን ደህና ነን።

መሐል ሜዳ ያለው የአባላት መዝገባችሁ አማርኛው ተበላሸ ሲሉ ሰማሁ። ሳትነካው ባክአፕ ያዝና ሥራውን በቅጂው ላይ ሞክር። የዳታቤዝ ፕሮግራሙ ማይኤስኪውኤል ከ8.0 በፊት ሳይነገረው የሚይዘው የላቲን ፊደሎችን ኮድ፣ ላቲን1ን፣ ስለነበር ችግሩ የተለመደ ነው።

አንዱን ስም ጥሬ ባይቶቹን በሚያሳየው በሄክስ ፈንክሽን አውጣው። «ደ» በኢ18ቢቢ0 ከመጣ ባይቶቹ ደህና ናቸው፣ የተሳሳተው የኮለሙ (የዓምዱ) የፊደል ኮድ መለያ ብቻ ነው። 3ኤፍ (የጥያቄ ምልክት) እየደጋገመ ከመጣ ግን ጽሑፉ ጠፍቷል፤ ከወረቀት መዝገብ እንደገና መጻፍ ነው።

ባይቶቹ ደህና ከሆኑ፣ ሁሉም ሰው የሚመክረውን «ኮንቨርት ቱ ካራክተር ሴት» የሚለውን ትእዛዝ እንዳትሞክረው! እያንዳንዱን ባይት የላቲን ፊደል መስሎት እንደገና ይለውጠዋል፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። ከዚያ በኋላ «ደ» የሚጀምረው በሲ3ኤ1 ነው። ይልቅ ኮለሙን በሞዲፋይ ትእዛዝ መጀመሪያ ቫርባይነሪ (ጥሬ ባይት)፣ ቀጥሎ ቫርቻር (ጽሑፍ) በዩቲኤፍ8ኤምቢ4፣ የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በሚይዘው ኮድ፣ አድርገው፤ ቴክስት ከሆነ በብሎብ አሳልፈው። ኖት ነል (ባዶ አይሁን) እና ዲፎልት (ሳይሞላ የሚገባ እሴት) ካሉት በየትእዛዙ ድገማቸው፣ አለዚያ ይረግፋሉ። ፉልቴክስት ኢንዴክስ (የጽሑፍ መፈለጊያ ማውጫ) ካለ አስቀድመህ አንሣው።

በሁለተኛው እርምጃ ስህተት 1366 ሊያቆምህ ይችላል። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ በላቲን1 100 ቦታ ማለት 100 ባይት ነው፣ የኛ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይበላል። ረዘም ያለ ጽሑፍ 33 ፊደል ላይ ሲደርስ ሠላሳ አራተኛው ተቆርጦ አንድ ባይቱ ብቻ ይቀራል። ስትሪክት ሞድን (የተሳሳተ ዳታ እንዳይገባ የሚከለክለውን) አጥፍተህ አትለፈው፤ እነዚያን መስመሮች ፈልገህ በእጅ አርም።

ዩቲኤፍ8 የሚለውን አጭሩን አትምረጥ። እስከ 3 ባይት ብቻ ስለሚይዝ ለአማርኛ ቢበቃም፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኒኮድ የጨመራቸው የጉራጌ ፊደላት 4 ባይት ናቸው።

ኮለሞቹ ካለቁ በኋላ የቴብሎቹንና የዳታቤዙን ዲፎልት ቀይር፤ ለአዲስ ነገር ብቻ ነው የሚሠራው። የፕሮግራሙን ግንኙነትም በዚያው ቅጽበት ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አዙረው። በላቲን1 ከቀረ ደህናውን ስም የጥያቄ ምልክት አድርጎ ያሳይሃል፣ አዲሱንም እያበላሸ ይጽፋል።

ሞክሼዎቹን (ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት) ግን ይህ ሁሉ አይፈታቸውም። «ፀሐይ»ን በ«ጸ» ብትፈልግ አይመጣልህም። ለፍለጋ ብቻ አንድ ኮለም ጨምርና ሞክሼዎቹን ወደ አንድ አምጥተህ አስቀምጥበት፤ ዋናውን ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ተወው።

በል፣ የሄክሱን ውጤት ላክልኝ። ለእትዬ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወዳጅህ